የሚያሳምመን ብርዱ ነው ወይስ የተዘጋው መስኮት?

ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ማለዳ ማለዳ የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ መስኮቱን ትንሽ ከፈት ያደርጋል። ወዲያው ከኋላ «ኧረ ዝጋው ወንድሜ፣ ብርድ ጨረሰን!» የሚል ድምፅ ይመጣል። መስኮቱ ይዘጋል። የቀረው መንገድ ሁሉ በታፈነ አየር ያልቃል። አንዷ ታስላለች። ሌላው ያስነጥሳል። «ይማርህ» ይሉታል፣ «ያኑራችሁ» ይላል፣ አፍንጫውን በእጁ ይጠርግና የፊት ለፊቱን ወንበር ይይዛል።

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታም ነገሩ ያው ነው። ከከተማው ዳር ተነስቶ መሃል የሚገባ ሰው በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይተነፍሳል። ማታም እንዲሁ ይመለሳል። ቤት ሲደርስ በርና መስኮቱን ጠርቅሞ ይተኛል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ማሳል ሲጀምር «ዘንድሮ ብርዱ ከብዷል» እንላለን።

ብርዱስ በእርግጥ ከባድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ወደ እንጦጦ ሲወጣ 3,000 ሜትሩም ይታለፋል። ዳር ዳሩ ደግሞ ገና ክፍት ሜዳ ስለሚበዛው ነፋሱን የሚያግድ ነገር የለም። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከብርዱ ለማምለጥ ብለን የምናደርገው ነገር ነው። መስኮት እንዘጋለን፣ አንድ ክፍል ውስጥ እንጠጋጋለን፣ ከሰል ይዘን እንገባለን። ሦስቱም ለበሽታ መንገድ ይጠርጋሉ።

ጉንፋን የሚያመጡ ከ200 በላይ የቫይረስ ዓይነቶች አሉ። በብዛት የሚገኘው ራይኖቫይረስ የሚባለው ነው። እሱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ጉሮሮ ይከረክራል፣ አፍንጫ ይፈስሳል፣ ድምፅ ይዘጋል። ሰውየው ግን እየተነጫነጨም ቢሆን ሥራ ይውላል። ኢንፍሉዌንዛ ሌላ ነው። ድንገት ነው የሚጥለው። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ከሰዓት በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይዞት ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ አንድ ቢሊዮን ያህል ሰው ይይዛል። ከ290,000 እስከ 650,000 የሚሆኑ ሰዎች ደግሞ በሚያስከትለው የመተንፈሻ አካላት ሕመም ይሞታሉ። «ጉንፋን እኮ ነው፣ ይለቃል» ስንል ይህን ቁጥር ብናስታውሰው ጥሩ ነው።

እነዚህ ቫይረሶች ከሰው ወደ ሰው የሚሄዱት በትንፋሽና በእጅ ነው። ስናስል፣ ስናስነጥስ፣ ስንስቅ፣ ስናወራ ሳይቀር ከአፋችንና ከአፍንጫችን ጠብታ ይወጣል። ትልልቁ ጠብታ ቶሎ መሬት ይወድቃል። ደቃቁ ግን አየር ላይ ይቆያል። የቡና ዕጣን አስቡ። ጥግ ላይ ፍም ላይ ጣል ሲደረግ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቤቱ ውስጥ የማይደርስበት ቦታ የለም። በርና መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ ወዲያው ይሳሳል። የታመመ ሰው ትንፋሽም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ሽታ ስለሌለው አናውቀውም። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ደግሞ ሕመሙ ሊሰማው አንድ ቀን ሲቀረው ጀምሮ ያስተላልፋል። ከታመመ በኋላም ከ5 እስከ 7 ቀን ያህል ይቀጥላል። ስለዚህ የሚያስለውን ሰው ብቻ እያዩ መሸሽ አያዋጣም። አጠገባችሁ ደህና መስሎ የተቀመጠውም ሊያሲዛችሁ ይችላል።

የታፈነ አየር ምን ያህል እንደሚጎዳ ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 አላስካ ውስጥ የሆነው ነው። አንድ አውሮፕላን ለመነሳት ሲል ሞተሩ ተበላሸ። መሬት ላይ እንዳለ ሦስት ሰዓት ቆመ። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች እዚያው ውስጥ ሆነው ጠበቁ። አየር የሚያዘዋውረው መሣሪያ አይሠራም ነበር። አውሮፕላኑ ላይ የነበሩት 54 ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንድ የታመመ ሰው ነበር። በ72 ሰዓት ውስጥ ከተሳፋሪዎቹ 72 በመቶ የሚሆኑት በሳል፣ በትኩሳትና በራስ ምታት ወደቁ። ውስጥ ብዙ የቆዩት ከሌሎቹ ይበልጥ ታመሙ። አገሩ አላስካ ነው፣ ውጭው በረዶ ነው። ሰዎቹን የጣላቸው ግን ውስጥ ሆነው የተነፈሱት አየር ነው።

ይህን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ መስኮቱ ተዘግቶ መንገድ ተዘጋግቶ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ስሆን ይጨንቀኛል። በሥራ መግቢያ ሰዓት ከአያት ጀምሮ መገናኛ እስኪደረስ ያለውን ጊዜ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አውሮፕላኑ ቢያንስ አንድ ቀን ነው የተበላሸው። እኛ በየቀኑ ነው የምንሳፈረው።

እንግዲህ «ብርድ መታህ» የሚሉት እናቶቻችን ነገሩን ከየትም አላመጡትም። ቅዝቃዜ የራሱ ሚና አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ጊኒ ፒግ በሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ላይ ተሠርቶ ነበር። ኢንፍሉዌንዛ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከሚተላለፈው ይልቅ 5 ዲግሪ ላይ በብዛት ተላለፈ። 30 ዲግሪ ላይ ጭራሽ አልተላለፈም። ደረቅ አየርም ለቫይረሱ ተመችቶታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ለእኛ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ አየሩም ደረቅ የሆነበት ጊዜ ነው። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ካርዲፍ ከተማ ውስጥ 180 ሰዎችን ወስደው ግማሾቹን እግራቸውን ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስነከሯቸው። በቀጣዮቹ ቀናት ከእነዚህ 90 ሰዎች 13ቱ ጉንፋን ይዞናል አሉ። እግራቸውን ካልነከሩት 90 ሰዎች ግን 5ቱ ብቻ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ሰውነት ሲበርደው የአፍንጫ ደም ሥሮች ይኮማተራሉ፣ አስቀድሞ እዚያ የነበረ ቫይረስም ዕድል ያገኛል የሚል ነው።

ልብ በሉ፣ ቫይረሱ አስቀድሞ መኖር አለበት። ብርድ ብቻውን ጉንፋን አይፈጥርም። ስለዚህ የእኔ ምክር ሁለቱንም የሚያስታርቅ ነው። ጋቢውን፣ ሹራቡንና ካልሲውን ደርቡ። አንገታችሁን በሻርፕ ሸፍኑ። ከዚያ መስኮቱን ክፈቱ። ሙቀቱ ከልብሱ ይምጣ፣ አየሩ ከውጭ ይግባ።

ታክሲ ውስጥ ሁሉም መስኮት ወለል ይበል አልልም። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ የእጅ መዳፍ ያህል ቢከፈቱ አየሩ ገብቶ ይወጣል። አንድ መስኮት ብቻ ከተከፈተ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነፋሱን ለብቻው ይጠጣዋል፣ ሌላው ግን ብዙም አይጠቀምም። ጠቡም የሚነሳው ከዚያ ነው። ረዳቱ ራሱ ፊትና ኋላውን ከፈት አድርጎ ቢያስነሳ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ይቀር ነበር። መስኮት አጠገብ የተቀመጠው ሰው ሕፃን የያዘች እናት ወይም አረጋዊ ከሆነ ቦታ መቀያየር ነው። እንዲህ ያለው ነገር ለኛ ሰው ከባድ አይደለም።

በኮሮና ጊዜ እኮ ለምደነው ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 አዲስ አበባ ውስጥ ከተገኘ በኋላ ታክሲዎች ግማሽ ሰው ብቻ የጫኑበት ወቅት ነበር። ማስክ አደረግን፣ ተራራቅን። መከራው ብዙ ነበር፤ ሥራ የፈታውንና ዘመዱን ቀብሮ ማልቀስ ያልቻለውን መርሳት አይቻልም። ነገር ግን ከዚያ ጊዜ አንድ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ወጥቷል። ቢ ያማጋታ የሚባል የኢንፍሉዌንዛ ዘር ነበር። ለብዙ ዓመታት በየወቅቱ ዓለምን ሲዞር ኖሯል። ከመጋቢት 2012 አካባቢ ወዲህ ግን በዓለም ላይ መኖሩ ተረጋግጦ አልታየም። የሰው ልጅ ለጥቂት ወራት ትንፋሹን ስለጠበቀ ብቻ አንድ የኢንፍሉዌንዛ ዘር መተላለፊያ አጣ። «ጉንፋን እንደሁ አይቀርም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ቤትስ? ዳር ላይ ብዙ ሰው የሚኖረው በአንድ ክፍል ነው። አምስትና ስድስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል። የግንባታ ሠራተኞች ደግሞ ሳይት ላይ በቆርቆሮ በተሠራ ማደሪያ ውስጥ ተደርድረው ይተኛሉ። በዚህ ላይ «የታመመው ለብቻው ክፍል ይተኛ» የሚለው ምክር ቀልድ ይመስላል። የሚቻለው ሌላ ነው። የታመመው ሰው መስኮቱ አጠገብ ይተኛ። ራስ ከራስ ጋር አይግጠም፤ አንዱ ራስጌ ሌላው ግርጌ ይሁን። ጠዋት ሁሉም ሲነሳ በርና መስኮቱ ፊት ለፊት ለሩብ ሰዓት ያህል ይከፈት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሳሎኑንና የኩሽናውን መስኮት አንድ ላይ መክፈት በቂ ነው። ፔሩ ውስጥ ሊማ ሆስፒታሎች ላይ ተመራማሪዎች ይህን ለክተውታል። በርና መስኮት ሲከፈት ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይቀየራል። አየር የሚያዘዋውር ማሽን ያላቸው ዘመናዊ ክፍሎች የሚያገኙት 12 ጊዜ ነው። ትልልቅ መስኮትና ከፍ ያለ ጣሪያ ያላቸው አሮጌ ሕንፃዎች ከአዲሶቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ይህ ያለ አንዳች ወጪ የሚገኝ ነገር ነው፣ የመብራት መጥፋትም አያቆመው።

የትምህርት ቤቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ልጆቹ ተጨናንቀው በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ በብርድ ሰበብ መስኮት ተዘግቶ ይውላል። አንዱ ልጅ ሰኞ ይዞት ይመጣል፣ ዓርብ ላይ ግማሹ ክፍል ይቀራል። ከዚያ ሕመሙ አያቶቻቸው ቤት ይደርሳል። በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ዩኒፎርምና ስለ ክፍያ ስንነጋገር አንዱ እጁን አውጥቶ ስለ መስኮቱ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

ይህ አገር የኢንፍሉዌንዛን ክፉ ቀን ያውቃል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገባ። የኅዳር በሽታ ተባለ። ከተማዋ ውስጥ ብቻ አሥር ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር፣ ተርፈዋል። ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፣ ቀባሪ ጠፋ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠል ልማድ የቀረው ከዚያ መከራ ነው። ኅዳር ሲታጠን። ልማዱን ለወለደው ሐዘን ትልቅ ክብር አለኝ። ጽዳቱም ይቀጥል እላለሁ። ማቃጠሉን ግን እንተወው። በዚያን ዘመን የተቃጠለው ቅጠልና ጭድ ነበር። ዛሬ የሚቃጠለው ፌስታል፣ የውኃ ላስቲክና የጎማ ቁራጭ ነው። ጭሱ ሳንባን ይቆጣል፣ አስም ያለበትን ሰው ያፍነዋል፣ ለጉንፋኑም በር ይከፍታል። ዳር ሰፈር ደግሞ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና አንዳንዴ ስለሚዘገይ ማቃጠሉ የኅዳር 12 ብቻ ሳይሆን የየሳምንቱ ሆኗል።

ከጭሱ የባሰው ግን የማይታየው ነው። ከሰል።

በዚህ ወቅት ማታ ማታ ማንደጃ ይዞ ክፍል መግባት የተለመደ ነው። ደጅ ላይ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ እስኪወጣ ይጠበቃል፣ ፍም ሲሆን «አሁን ችግር የለውም» ተብሎ ይገባል፣ በር ይዘጋል። ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰው እንቅልፍ ይዞት እያለ ሳይነቃ ይቀራል። ሞት ባይደርስ እንኳ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም ያመጣል። ይህ ስሜት ጉንፋን ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚለይበትን ምልክት እወቁት። ትኩሳት የለም። አፍንጫ አይፈስስም። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ያማቸዋል። ደጅ ሲወጡ ቀለል ይላቸዋል። እንዲህ ከሆነ ወዲያው ሰውን ሁሉ ወደ ውጭ አውጡ፣ በሩን ክፈቱ፣ ከሰሉን አውጡ፣ ራሱን የሳተ ካለ ሕክምና አድርሱ። ከሰል አጠገብ እያለ መተኛት በፍጹም አይሆንም። ቡና ሲፈላም መስኮት ይከፈት። ለመሞቅ ሲባል ሙቅ እንጂ ያልፈላ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ብርድ ልብስ ውስጥ ማስገባት ይሻላል።

የእንጨትና የከሰል ጭስ በሕፃናት ላይ ያለው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የቤት ውስጥ ጭስ ልጆች በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸውን እጥፍ ያደርሰዋል። እናት ጀርባ ላይ ታዝሎ እንጀራ ሲጋገር የሚውል ሕፃን ከሁሉም ይበልጥ ይተነፍሰዋል።

ስለ ዝንጅብሉ፣ ስለ ጤና አዳሙና ስለ ዳማከሴው ብዙ አልከራከርም። ትኩስ ነገር ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ፈሳሽ መጠጣት ይጠቅማል፣ እናት የሠራችው አጥሚትም ሰው ያበረታል። ማር ሳልን እንደሚያስታግስ በጥናት ታይቷል። ሁለት ጥንቃቄ ብቻ። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ሌላው ደግሞ በባሕር ዛፍ ቅጠል ሲታጠኑ የፈላው ውኃ ልጆች አጠገብ አይቀመጥ። ከጉንፋኑ የከፋው ቃጠሎው ነው።

የምከራከረው ስለ አሞክሳሲሊን ነው። መድኃኒት ቤት ገብቶ «ጉንፋን ይዞኛል፣ አሞክሳሲሊን ስጠኝ» ማለት በኛ ሰፈር ዳቦ እንደ መግዛት ቀሏል። አሞክሳሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያን ነው። ጉንፋንም ኢንፍሉዌንዛም ከቫይረስ ነው የሚመጡት። መድኃኒቱ አይነካቸውም። «እኔን ግን አድኖኛል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጉንፋኑ በአምስተኛውና በሰባተኛው ቀን ራሱ ሊለቀው ነበር፤ ምስጋናው ግን ለካፕሱሉ ይሄዳል። ንፍጥ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑም ባክቴሪያ ነው ለማለት አያበቃም። ጉዳቱ ደግሞ ነገ ነው የሚታየው። ሰውነታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይለምዱታል። ልጃችን በእውነተኛ የሳንባ ምች ሲያዝ ያ ርካሽ መድኃኒት እምቢ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ከሌላ ሕመም የተረፈ ካፕሱል ሁለት ሦስት ቀን ውጦ ማቋረጥ ደግሞ የባሰው ነው።

ለትኩሳቱና ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም 500 ሚሊ ግራም ከሆነው ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም። የጉንፋን ተብለው የሚሸጡ ብዙ ቅልቅል መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል አለ። ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ጉበት ይጎዳል። ከማሸጊያው ላይ ማንበብ ወይም ባለሙያውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ጉንፋን ለያዘው ልጅ አስፕሪን አይሰጥም።

እጅ መታጠብ እንደሚጠቅም ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ውኃው ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ውስጥ ያለው ውኃ መጀመሪያ ለወጥ፣ ቀጥሎ ለልብስ ነው። በአንድ ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ላይ በምስማር ሁለት ቀዳዳ በስታችሁ በር አጠገብ ስቀሉት። በትንሽ ውኃ ብዙ ሰው ይታጠባል። ሳሙናው አይቅር፣ ለ20 ሰከንድ ያህል መታሸቱም አይቅር። ከታክሲ ወርዶ ቤት ሲገባ፣ ሕፃን ከመታቀፍ በፊት፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት፤ እነዚህ ሦስቱ ዋናዎቹ ናቸው። ሲያስነጥሳችሁ ደግሞ በክንዳችሁ መታጠፊያ ውስጥ አድርጉት። እጃችሁን ለሰላምታ ትፈልጉታላችሁና።

ሰላምታውስ? ታሞ የተኛ ሰው ቤት አሥር ሆኖ ሄዶ፣ ሦስት ጊዜ ስሞ፣ ዙሪያውን ከብቦ መቀመጥ የኛ ወግ ነው። በወጉ እኮራለሁ። ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ሰው ግን መጀመሪያ ስልክ ይደወል። ሾርባው በር ላይ ይደርስ። ያመመው ሰው ራሱ «ጉንፋን ይዞኛል፣ አትሳሙኝ» ሲል ቅር አንሰኝ። ማድረግ ያለበትን ነው ያደረገው። ሕፃንን ከንፈሩ ላይ መሳም ደግሞ በማንኛውም ወቅት ቢቀር ጥሩ ነው።

ከሥራ መቅረት ትልቁ ጣጣ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ሰጥቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል። ብዙ ሠራተኛ ይህን መብት አያውቀውም፣ የሚያውቀውም ጉንፋን ብሎ ለመቅረት ያፍራል። የቀን ሠራተኛው ግን ከቀረ ያ ቀን ዳቦ የለም። እሱን «ቤትህ ተኛ» ማለት ለመናገር ብቻ ነው የሚቀለው። የግንባታ ኃላፊ፣ የፋብሪካ አለቃ፣ የሱቅ ባለቤት የሆናችሁ ሰዎች ሆይ፣ አንድ ትኩሳት ያለበትን ሠራተኛ ሁለት ቀን ከፍላችሁ ብታሳርፉት አሥሩ ሳይታመሙ ይቀራሉ። ለእናንተም ሒሳቡ ያዋጣል። የግድ መውጣት ያለበት ሰው ደግሞ ማስክ ያድርግ። ታክሲ ውስጥ ማስክ ያደረገ ሰው ሲታይ መሸማቀቅ ያለብን እኛ ነን።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ይታመማል። አብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይድናል፣ ሳሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። መጠንቀቅ የሚያስፈልጋቸው ግን አሉ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ፣ ስኳር፣ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም ኤች አይ ቪ ያለባቸው። ሻል ብሎት የነበረ ሰው ትኩሳቱ ተመልሶ ከመጣና ሳሉ ከበረታ አንድ ቀን አይጠበቅም። ይህ ብዙ ጊዜ በኢንፍሉዌንዛው ላይ የሳንባ ምች ሲደረብበት የሚታይ ነው። በ1911ዱም ወረርሽኝ አብዛኛውን ሰው የጨረሰው ይኸው የተደረበው የሳንባ ምች ነበር። የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ግራ መጋባት፣ የከንፈር መጥቆር ካለም እንዲሁ። ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ነው።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአገራችን መደበኛ የክትባት ዝርዝር ውስጥ የለም። የሚያገኘው ሰው ካለ ቫይረሱ ስለሚለዋወጥ በየዓመቱ መድገም ይኖርበታል። የሳንባ ምች መከላከያው ግን ከ2004 ጀምሮ ለሕፃናት በነፃ ይሰጣል። የልጃችሁን የክትባት ካርድ ዛሬ ማታ አውጡና እዩት። የጎደለ ካለ ጤና ጣቢያ ይሞላላችኋል።

በልጅ ላይ የሳንባ ምችን ለመጠርጠር መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁ ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ ሳለ ልብሱን ገለጥ አድርጉና ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። የስልካችሁ ሰዓት ይበቃል። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 11 ወር ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኖ መተንፈስ ነው፤ ሕክምና ይፈልጋል። ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት መጥባት ካቃተው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከእንቅልፍ አልነቃ ካለ ሌሊትም ቢሆን መነሳት ነው። ዳር ላይ ሌሊት መኪና ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ አሁን፣ ማንም ሳይታመም፣ ከብሎካችሁ መኪና ያለው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ስልኩን መዝግቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ደግሞ 939። በሌሊት ክፍት የሆነው ቅርብ ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነም ነገ በቀን ሄዳችሁ አረጋግጡ።